መንገዱ በ7 ቀን፣ መስመሩ በ6 ዓመት፦ ስለ ፉኩኦካው የምድር ውስጥ ባቡር ለወጣው ጽሑፍ ምላሽ

ስለ ጃፓኗ ፉኩኦካ ከተማ ናናኩማ የምድር ውስጥ ባቡር መስመር የተጻፈ አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ሰሞኑን ብዙ ሰው ተቀባብሎታል። የሚለው ባጭሩ ይህ ነው፦ ሃካታ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት መንገዱ በጠራራ ፀሐይ ተደርምሶ ሰው በተአምር ተረፈ፤ ጃፓኖች በ2 ቀን ጠግነውት የባቡሩን ሥራ ቀጠሉ፤ አደጋው ማንም ሊገምተው የማይችል የተፈጥሮ ቁጣ ነበር፤ በመቆፈሪያ ማሽን ቢሠራ ኖሮ ግን አይደርስም ነበር፤ ባቡሩ በማግኔት ይንሳፈፋል፤ የግል ኩባንያ ስለሠራው 45 ቢሊዮን የን ብቻ ፈጀ፤ ያም ሆኖ ተሳፋሪ አጥቶ ከሽፏል። ማሳረጊያው አዲስ አበባን ከዚህ ጋር አነጻጽሮ መውቀስ ነው።

ከእነዚህ መካከል ግማሽ እውነት ያለባቸው አሉ፤ ጨርሶ የተሳሳቱም አሉ። «የተፈጥሮ ቁጣ» እና «በማሽን ቢሠራ አይደርስም ነበር» የሚሉት ሁለቱ ደግሞ ጎን ለጎን ሊቆሙ አይችሉም። አንዱ እውነት ከሆነ ሌላው ውሸት ነው። እኛ እንደምናሳየው ሁለቱም አያስኬዱም። በተራ እንያቸው። የዓመትና የወር አቆጣጠሩ የአውሮፓ፣ የሰዓቱ የእኛ ነው።

«በጠራራ ፀሐይ ተደርምሶ ሰው በተአምር ተረፈ»

ቀኑ ኖቬምበር 8፣ 2016 ነው። መንገዱ መውረድ የጀመረው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከሩብ ገደማ ሲሆን ትልቁ ክፍል የወደቀው ጠዋት 1 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ሰዓት ከተማው ገና አልነቃም። ይህ ዕድል ነው፤ አንክድም። ሰው ያተረፈው ግን ዕድሉ ብቻ አይደለም። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ጀምሮ ከመሬት በታች በባቡሩ ዋሻ ቁፋሮ ግንባር ላይ የነበሩት ሠራተኞች ከጣሪያው ፍርስራሽ ሳያቋርጥ ሲወርድ፣ ውሃም አብሮ ሲመጣ አዩ። ለማቆም ሞክረው ሲያቅታቸው ወጡ። ሲወጡ ራሳቸውን አድነው አልተቀመጡም፤ ላይ ያለው መንገድ እንዲዘጋ አስደረጉ። ተሽከርካሪ የታገደው መንገዱ ከመውረዱ 5 ደቂቃ ያህል ቀደም ብሎ ነበር። የሞተ ሰው የለም። በመብራት መጥፋት ምክንያት ደረጃ ላይ ወድቆ ቀላል ጉዳት የደረሰበት ሰው ተመዝግቧል።

«ተአምር» የሚለው ቃል እዚህ ላይ የሚሠራው ጥፋት ቀላል አይደለም፤ ጽሑፉ ሊያወድሰው ይገባ የነበረውን ነገር ያስቀረዋል። ለስላሳ መሬት ውስጥ ዋሻ ሲቆፈር አደጋው ራሱን የሚያሳውቅበት ምልክት አለ፦ የሚወርደው ፍርስራሽ መጠን ይጨምራል፣ ጥርት ብሎ ይንጠባጠብ የነበረው ውሃ ይደፈርሳል፣ አሸዋ ይዞ ይመጣል። ከላይ ያለው አሸዋ መታጠብ ጀምሯል ማለት ነው። ያን ያየ ሠራተኛ ማንን ሳይጠይቅ ሥራ ማቆም እንደሚችል፣ ማን ለማን እንደሚደውል፣ መንገዱን ማን እንደሚዘጋ አስቀድሞ የተወሰነ መሆን አለበት። በዚያ ሌሊት የተረፈው ሰው የተረፈው በዚህ ሰንሰለት ነው።

«በ2 ቀን ጠገኑት»

ይህ በዓለም ዙሪያ የተሠራጨ ወሬ ስለሆነ ጸሐፊውን ብቻ አንወቅስም። ግን በትክክል ምን በስንት ቀን ተሠራ? ጉድጓዱ 30 ሜትር በ27 ሜትር ገደማ፣ ጥልቀቱ 15 ሜትር ገደማ ነበር። በ2 ቀን ገደማ የሆነው የታችኛው ክፍል መሞላት ነው። መንገዱ ለተሽከርካሪና ለእግረኛ የተከፈተው ኖቬምበር 15 ንጋት 11 ሰዓት ላይ፣ ማለትም በ7ኛው ቀን ነው። 7 ቀንም ቢሆን የሚያስደንቅ ፍጥነት ነው፤ ስለዚህ እንዴት እንደተቻለ ማወቁ ከማጋነኑ ይጠቅማል።

መጀመሪያ ጉድጓዱ ባዶ አልነበረም። የውሃና የፍሳሽ ቱቦዎቹ ስለተበጠሱ፣ የከርሰ ምድር ውሃውም ስለመጣ በውሃ ተሞልቶ ነበር። ውሃውን በፓምፕ አውጥቶ በደረቁ መሙላት የሚል ሐሳብ ወዲያው ይመጣል፤ ያን ማድረግ ግን ሁለተኛ አደጋ መጥራት ነው። በጉድጓዱ ውስጥ ያለው ውሃ ግድግዳውን ወደ ውጭ እየገፋ ይደግፋል። ውሃው ቢወጣ ከዙሪያው ያለው እርጥብ አሸዋ ወደ ውስጥ ይፈሳል፤ ጉድጓዱ ይሰፋል። ጎረቤት ሕንፃዎች ደግሞ ጠርዙ ላይ ነበሩ፤ የአንዳንዶቹ ፓይል (ወደ መሬት ጠልቆ የተተከለው የመሠረት ምሰሶ) እስኪታይ ድረስ አፈሩ ከሥራቸው ሄዷል። ስለዚህ ውሃው እዚያው እያለ መሙላት ግድ ሆነ።

ውሃ ውስጥ ደግሞ ተራ ሙሌት አይሠራም። ተራ አፈር በ20 ወይም በ30 ሳንቲሜትር ንጣፍ እየተደረበ በሮለር መጠቅጠቅ አለበት፤ ውሃ ውስጥ ይህ አይቻልም፤ 15 ሜትር ጉድጓድ ውስጥ ሰውም ሮለርም አይወርድም። የተጠቀሙት ከአፈር፣ ከሲሚንቶ ዘር ማጠንከሪያና ከውሃ የተቀላቀለ፣ እንደ ሾርባ የሚፈስ ድብልቅ ነው። ውሃ ውስጥ ሲገባ እንዳይበተን የሚያደርግ ተጨማሪ ንጥረ ነገር ይገባበታል። ራሱ ፈስሶ ክፍተቱን ይሞላል፣ ጥቅጠቃ አይፈልግም፣ ውሃውን ወደ ላይ እየገፋ ከታች ይጠነክራል። 6,200 ሜትር ኩብ ገደማ ፈሰሰ። ሦስቱን የጉድጓዱን ልኬቶች ያባዛ ሰው ከ12,000 በላይ ያገኛል፤ ነገር ግን ጉድጓዱ ሣጥን አልነበረም፤ ከላይ ሰፊ ከታች ጠባብ ነበር። አንድ ሚክሰር መኪና 4 ወይም 5 ሜትር ኩብ ቢይዝ ከ1,240 እስከ 1,550 ምልልስ ማለት ነው። ይህን ድብልቅ የሚያዘጋጁ ፋብሪካዎች ከተማው አቅራቢያ ባይኖሩ፣ ጃፓናዊ ትጋት የሚባለው ብቻውን አንድ ሜትር ኩብ አይሞላም ነበር።

የቀሩትን ቀናት የወሰደው የላይኛው 3 ሜትር ገደማ ነው። ጥልቀቱ ትንሽ፣ ሥራው ግን ውስብስብ ነው፦ የፍሳሽ፣ የንጹሕ ውሃ፣ የጋዝ፣ የኤሌክትሪክና የስልክ መስመሮች ሁሉ የሚያልፉት በዚያ ነው። የፍሳሽ ቱቦ በስበት ስለሚሠራ ተዳፋቱ መዛነፍ የለበትም፤ ብዙውን ጊዜም ከሁሉ በታች ስለሚቀበር ቀድሞ ይገባል። የጋዝና የውሃ ቱቦ በግፊት ተፈትኖ ሳያልፍ አይሸፈንም። አንዱ ከተሳሳተ ሌላው ሁሉ እንደገና ይቆፈራል። የአምስቱ መስመሮች ሠራተኞች በአንድ ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ተራ ጠብቀው መሥራት አለባቸው። ፍጥነቱ የተገኘው እዚህ ላይ ነው፤ ጽሑፉ ግን አንድም ቃል አላለበትም።

ደግሞም ነገሩ ኖቬምበር 15 አላለቀም። ኖቬምበር 26 ሌሊት የተጠገነው ቦታ እስከ 7 ሳንቲሜትር ድረስ ሰመጠና መንገዱ ለሰዓታት እንደገና ተዘጋ። ሙሌቱ ራሱ ጠንካራ ነበር፤ የከተማው ከንቲባ ታካሺማ ሶይቺሮም መሬቱ ከቀድሞው 30 እጥፍ ጠንክሯል ብለው ነበር። ግን ጠንካራ ነገር በላላ ነገር ላይ ከተቀመጠ ይሰምጣል። ከሙሌቱ ሥር ወደ ዋሻው የፈሰሰው የላላ አፈር ነበር፤ ክብደቱ ሲያርፍበት ተጨመቀ። ከተማው መሬቱን እየለካ ይከታተል ስለነበር ነው በጊዜ የተዘጋው። «በ2 ቀን ተጠግኖ አለቀ» የሚለው ታሪክ ይህን ምዕራፍ ሁልጊዜ ይዘለዋል።

«የባቡሩንም ሥራ ቀጠሉ»

የጽሑፉ ትልቁ ስሕተት ይህ ነው። መንገዱን መጠገንና ዋሻውን መቀጠል አንድ ሥራ መስሎታል። መንገዱ በ7 ቀን ተከፈተ፤ ከሥሩ የሚሄደው መስመር የተከፈተው ማርች 27፣ 2023 ነው። ከ6 ዓመት ከ4 ወር በላይ ማለት ነው። ዕቅዱ እስከ 2020 የበጀት ዓመት ለመክፈት ነበር፤ ሁለት ዓመት ያህል ተጓተተ። ነባሩን መስመር ከቴንጂን ሚናሚ ወደ ሃካታ ለሚያስረዝም የ1.4 ኪሎ ሜትር ቅጥያ!

ምን ያዘው? ዋሻው በፈሰሰው አፈርና ውሃ ተሞልቷል። ውሃውን ዝም ብለህ ብታወጣ ላዩ ላይ ያለው አሸዋ እንደገና ይከተልሃል፤ ጉድጓዱን የሞላው ድብልቅም ሥሩ ባዶ ይቀራል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ መሆን ነበረበት፦ በመጀመሪያ ከመንገድ ላይ የናሙና ጉድጓድ ቆፍሮ አፈሩ ምን ያህል እንደተናወጠ ማወቅ። ቀጥሎ ከላይ በተበሱ ቀጫጭን ቀዳዳዎች ማጠንከሪያ ፈሳሽ በግፊት እያስገቡ የዋሻውን ዙሪያና ጣሪያ ሰው ሠራሽ ዐለት ማድረግ። ከዚያ ከዚሁ ዐለት ናሙና አውጥቶ ጥንካሬውንና ውሃ ማሳለፍ አለማሳለፉን መፈተሽ። ይህ ካለፈ በኋላ ብቻ ውሃውን ቀስ በቀስ፣ በዙሪያው ያለውን የከርሰ ምድር ውሃ ከፍታ እየለኩ ማውጣት። አፈሩን መጥረግ፣ የተጎዳውን መደገፊያ መተካት፣ ቁፋሮውን መቀጠል የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ላዩ ላይ አውቶቡስ እየሄደ ነው ይህ ሁሉ የሚሠራው፤ ቀዳዳ መብሻ ማሽኑ የመንገዱን አንድ ክፍል ይዞ፣ የተቀበሩትን ቱቦዎች እየሸሸ። ፈሳሹ በግፊት ሲገባ መንገዱን ወደ ላይ ሊያነሣም ይችላል፤ ስለዚህ ግፊቱም መጠኑም በየቀዳዳው ይመዘገባል። የሚቸኩልበት ቦታ የለም።

«ማንም ሊገምተው የማይችል የተፈጥሮ ቁጣ»

በጃፓን የሕዝብ ሥራዎች ምርምር ተቋም ሥር የተቋቋመው የባለሙያዎች ኮሚቴ በማርች 2017 ሪፖርቱን አቅርቧል። ምክንያቱ አንድ ሳይሆን ተደራራቢ ነው አለ፤ መሬቱም አለበት፣ ዲዛይኑና አሠራሩም አለበት።

ከሥር እንጀምር። በሃካታ ላዩ ሙሌት አፈር ነው፤ ከሥሩ ውሃ የጠገበ አሸዋና ሸክላ አለ፤ ከዚያ በታች ዐለት። የዐለቱ የላይኛው ክፍል በዘመናት ብዛት የተበላ ሲሆን ሸክላ መሰል በመሆኑ ውሃ በቀላሉ አያሳልፍም። ዋሻው የሚቆፈረው ዐለቱ ውስጥ ነው፤ ያ የተበላ ንጣፍ ደግሞ በዋሻውና በውሃማው አሸዋ መካከል ያለ ክዳን ነው። ክዳኑ ካለ ዋሻው ደረቅ ነው፤ ክዳኑ ከተቀደደ አሸዋና ውሃ አንድ ላይ ይመጣሉ። የግፊቱን መጠን ለመገመት ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ከጣሪያው በላይ 15 ሜትር ውሃ ቢኖር በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 15 ቶን ያርፋል።

ችግሩ የክዳኑ ውፍረት ከቦታ ቦታ መለዋወጡ ነው። የናሙና ጉድጓዶች በየተወሰነ ርቀት ይቆፈራሉ፤ በሁለቱ መካከል ዐለቱ ቢወርድ አይታይም። ዲዛይን አድራጊዎቹ ግን ይህን ጨርሶ አላጡትም። ዐለቱ ከተገመተው ዝቅ ብሎ ሲገኝ ክዳኑ ቢያንስ 2 ሜትር እንዲሆን የዋሻውን ጣሪያ 1 ሜትር ገደማ ዝቅ አደረጉት። ይህ ሲደረግ ደግሞ ጣሪያው ይበልጥ ጠፍጣፋ ሆነ። የቅስት ጥንካሬ ከጉብጠቱ ነው፤ የላዩን ክብደት ወደ ጎንና ወደ ታች የሚያስተላልፈው ጉብጠቱ ስለሆነ፣ ሲጠፈጠፍ መሐሉ ይታጠፋል። አንዱን አደጋ ሲሸሹ ወደ ሌላው ተጠጉ። የውሃውን ግፊት መቀነሻ ሥራና የጣሪያ ማጠናከሪያው ለዚያ መሬት በቂ አልነበሩም። ማጠናከሪያው ከቁፋሮው ግንባር ወደ ፊትና ወደ ላይ የሚገቡ የብረት ቱቦዎች ናቸው፤ በእነሱ በኩል ማጠንከሪያ ፈሳሽ ይገባል። በዘዴው በተለምዶ 114 ሚሊሜትር ስፋትና 12 ሜትር ተኩል ርዝመት አላቸው። ጥሩ ዘዴ ነው፤ ነገር ግን ቱቦው ወደ ላይ አቅንቶ ስለሚገባ ክዳኑ ስስ በሆነበት ቦታ ራሱ ሊበሳው ይችላል።

ሊገመት አይችልም ነበር ለማለት ደግሞ ታሪኩ አይፈቅድም። በዚሁ በናናኩማ መስመር ግንባታ ሳቢያ በ2000 እና በ2014 መንገድ ተደርምሷል። የ2016ቱ ሦስተኛው ነው። ትልቁም እሱ ነው።

«በማሽን ቢሠራ አይደርስም ነበር»

ጸሐፊው የሚለው ማሽን ጃፓኖች ሺልድ የሚሉት ነው፦ የብረት በርሜል፣ ከፊቱ የሚሽከረከር መቁረጫ፣ ከኋላው የኮንክሪት ቀለበት እየገጣጠመ የሚሄድ። እርግጥ ውሃማ መሬት ውስጥ ከእጅ ቁፋሮ ይሻላል፤ የፊቱን መሬት በግፊት ይዞ ስለሚሄድ። ለዚህም ነው በዚሁ ቅጥያ ላይ ከወንዞቹ በታች የሚያልፈው ክፍል በሺልድ የተሠራው። «ማሽን አልነበራቸውም» ወይም «ቆጠቡ» የሚለው ስለዚህ ይወድቃል።

ሃካታ ጣቢያ አጠገብ ያልተጠቀሙበት ምክንያት ቅርጽ ነው። የሺልድ ስፋት አንዴ ከተሠራ አይለወጥም፤ የ5 ሜትር ማሽን የ5 ሜትር ዋሻ እንጂ ሌላ አይቆፍርም። ወደ መጨረሻው ጣቢያ ሲቀርብ ግን ዋሻው እየሰፋ ይሄዳል፤ ከመደበኛው ወደ ትልቁ፣ ከዚያም ሦስት ዋሻዎች ጎን ለጎን ወደ ተያያዙበት ክፍል ይቀየራል። ለእንዲህ ያለው የሚመረጠው «አዲሱ የኦስትሪያ ዘዴ» የሚባለው ነው፦ 1 ሜትር ያህል መቆፈር፣ ወዲያው ኮንክሪት መርጨት፣ የብረት ቅስት ማቆም፣ የዐለት ብሎን ማስገባት፣ መለካት፣ እንደገና መቆፈር። ከላይ ቆፍሮ መሸፈንም አማራጭ ነበር፤ ግን ያን ሰፊ ጎዳና ለዓመታት መዝጋትንና የተቀበሩትን ሁሉ ማዛወርን ይጠይቃል።

ማሽኑ ራሱ ዋስትና ነው የሚል ካለ ደግሞ ቶኪዮን ይመልከት። ኦክቶበር 18፣ 2020 በቾፉ የመኖሪያ ሰፈር መንገድ ተደረመሰ፤ ከሥሩ 47 ሜትር ላይ ያልፍ የነበረው 16 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ሺልድ ነው። ሺልድ ጠጠርማ መሬት ላይ መቁረጫው ሲታሰር አፈሩን ከቆፈረው ዋሻ መጠን በላይ ስቦ ሊያስገባ ይችላል። ከበርሜሉ በላይ ባዶ ቦታ ይፈጠርና ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። የወጣውን አፈር በየቀለበቱ መመዘን የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

«ባቡሩ በማግኔት ይንሳፈፋል»

አይንሳፈፍም። የናናኩማ ባቡር በብረት ጎማ፣ በብረት ሃዲድ ላይ፣ 1,435 ሚሊሜትር በሆነው መደበኛ የሃዲድ ስፋት ይሄዳል። ጸሐፊው «ሊኒየር ሞተር» የሚለውን ስም አይቶ በ500 ኪሎ ሜትር በሰዓት ከሚፈተነው ተንሳፋፊ ባቡር ጋር አምታቶታል። ሁለቱ በስም ይመሳሰላሉ እንጂ ሥራቸው ለየቅል ነው።

ተራው የኤሌክትሪክ ሞተር ክብ ነው፤ ውጪው ጥምዝ ሽቦ፣ መሐሉ የሚዞር አካል። ሊኒየር ሞተር ይህ ክብ ተቆርጦ ተዘርግቶ እንደተነጠፈ አስቡት። ጥምዝ ሽቦው ከባቡሩ እግር ሥር ይታሰራል፤ በሁለቱ ሃዲዶች መካከል ደግሞ አልሙኒየም ወይም መዳብ የተለበጠ የብረት ሰሌዳ መስመሩን ተከትሎ ይዘረጋል። ሽቦው የሚፈጥረው ማግኔታዊ ማዕበል በሰሌዳው ላይ ኤሌክትሪክ ይቀሰቅስና ባቡሩን ይገፋዋል። ክብደቱን የሚሸከመው፣ የሚመራውም ጎማው ነው።

ጃፓኖች ይህን የመረጡት ለፍጥነት ሳይሆን ለቁመት ነው። ሞተሩ ጠፍጣፋ ስለሆነ የፉርጎው ወለል ዝቅ ይላል፤ ወለሉ ሲወርድ ጣሪያው ይወርዳል፤ ስለዚህ የዋሻው ስፋት ከተለመደው ወደ 4.3 ሜትር ገደማ ይቀንሳል። የአፈሩ መጠን የሚወሰነው በስፋቱ ካሬ ስለሆነ ትንሽ ቅናሽ ብዙ አፈር ያተርፋል። በተጨማሪም ግፊቱ በጎማና በሃዲድ መፋተግ ላይ ስለማይመሠረት ቁልቁለትና ዳገት አያስቸግረውም፤ እግሮቹ ራሳቸውን ወደ ኩርባው ስለሚያዞሩም ጠባብ ኩርባ ይወጣል። መንገድን ተከትሎ ለሚታጠፍ የከተማ መስመር ተስማሚ ነው። የመጀመሪያው የጃፓን መስመር በኦሳካ በ1990 ተከፈተ፤ የቶኪዮው ኦኤዶ፣ የኮቤው፣ የዮኮሃማው አረንጓዴ መስመርና የሰንዳዩ ቶዛይ ከዚሁ ቤተሰብ ናቸው።

ዋጋም አለው፤ ጽሑፉ የሚያወድሰውን ያህል ንጹሕ አይደለም። በሽቦውና በሰሌዳው መካከል ያለው ክፍተት 12 ሚሊሜትር ገደማ መሆን አለበት። ከሰፋ ግፊቱ ይደክማል፤ ከጠበበ ይነካካል። ጎማ ሲያልቅ ባቡሩ ይወርዳል፤ ስለዚህ የሞተሩ ከፍታ በየጊዜው ይስተካከላል፤ ሰሌዳውም እንደ ሃዲዱ ይለካል። በክብ ሞተር ውስጥ ክፍተቱ ከዚህ እጅግ የጠበበ ስለሆነ፣ ሊኒየሩ ለአንድ ዓይነት ሥራ የበለጠ ኤሌክትሪክ ይበላል። የዋሻ ቁጠባውን በየቀኑ የመብራት ሒሳብ ይከፍለዋል ማለት ነው።

«የግል ኩባንያ በ45 ቢሊዮን የን ሠራው»

የመስመሩ ባለቤትም አንቀሳቃሽም የፉኩኦካ ከተማ ትራንስፖርት ቢሮ ነው፤ የመንግሥት ድጎማም አለበት። ተቋራጮቹ የግል ናቸው፤ ይህ በየትኛውም አገር ያለ ነው። 45 ቢሊዮን የን የቅጥያው የመጀመሪያ ግምት ሲሆን፣ የመጨረሻው 58.7 ቢሊዮን ሆነ፤ 30 በመቶ ገደማ ጭማሪ። በ1.4 ኪሎ ሜትር ሲካፈል በኪሎ ሜትር ወደ 42 ቢሊዮን የን ይደርሳል። ርካሽ አይደለም፤ ርካሽ ነው ያለም ጃፓናዊ አላየንም።

አዲስ አበባን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። በ2015 ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር አብዛኛው በምድር ላይና በድልድይ የሚሄድ ነው፤ ከሃካታው ጥልቅ ዋሻ ጋር አይነጻጸርም። ጸሐፊው ማነጻጸር ካስፈለገው ሌላ ነገር ይጠይቅ። በፉኩኦካ የመንገዱም፣ የውሃውም፣ የፍሳሹም፣ የባቡሩም ባለቤት አንድ ከተማ ነበር፤ ከውጭ መጥራት ያስፈለገው ጋዙን፣ መብራቱንና ስልኩን ብቻ ነው። የተቀበረው ቱቦ ሁሉ የት እንዳለ የሚያሳይ ካርታም ነበር። 7 ቀኑን 7 ቀን ያደረገው አንዱ ይህ ነው።

«ተሳፋሪ አጥቶ ከሽፏል»

እዚህ ላይ ጸሐፊው ያረጀ ዜና ይዟል። መስመሩ ፌብሩዋሪ 3፣ 2005 ሲከፈት ከሃሺሞቶ እስከ ቴንጂን ሚናሚ 12 ኪሎ ሜትርና 16 ጣቢያዎች ነበሩት። በቀን 110,000 ሰው ይጠበቅ ነበር፤ በመጀመሪያው ዓመት የመጣው ከግማሽ በታች ነው። ያ እውነት ነው፤ ትንበያውም ያሳፍራል።

ምክንያቱን ግን ካርታው ያሳያል። ፉኩኦካ ሁለት ልብ አላት፦ ገበያውና መሥሪያ ቤቱ ያለበት ቴንጂን፣ ፈጣኑ ባቡር የሚቆምበት ሃካታ። ናናኩማ ከደቡብ ምዕራቡ የመኖሪያና የዩኒቨርሲቲ ሰፈር ሰውን አምጥቶ ቴንጂን ዳር ላይ ያራግፈው ነበር። ወደ ሃካታ ወይም ወደ አውሮፕላን ማረፊያው የሚሄድ ሰው ወደ ኤርፖርት መስመር ለመቀየር በምድር ውስጥ ባለው የገበያ መተላለፊያ ከ500 ሜትር በላይ በእግሩ መሄድ ነበረበት። ሻንጣ የያዘ ሰው ይህን ለምን ያደርጋል? አውቶቡሱ ከደጁ ተነሥቶ ሃካታ ያደርሰዋል። የፉኩኦካ የአውቶቡስ አገልግሎት ደግሞ በጃፓን ከጠንካራዎቹ አንዱ ነው።

ያ 1.4 ኪሎ ሜትር፣ በመሐሉም ኩሺዳ ቤተ መቅደስ የሚባለው አዲስ ጣቢያ፣ ሲጨመር ስሌቱ ተገለበጠ። በማርች 2023 ከተከፈተ በኋላ የጠዋቱ ባቡር ከመጨናነቁ የተነሣ ከተማው በዚያው ዓመት ኦገስት ምልልስ ጨመረ፤ ተጨማሪ ባቡሮችንም ወደ መግዛት ገባ። የዛሬው ችግር ጸሐፊው ከሚለው ተቃራኒ ነው፦ ባቡሮቹ ባለ 4 ፉርጎ ናቸው፤ ያ ዋሻ ለማጥበብ ሲባል የተመረጠው ትንሽ ፉርጎ ደግሞ ከተራው ያነሰ ሰው ይይዛል፤ ጣቢያዎቹ በዚያው ልክ ስለተሠሩ ፉርጎ መቀጠል ቀላል አይደለም። የሚቀረው በመካከላቸው ያለውን ደቂቃ ማሳጠር ነው፤ ለዚያም የባቡር ብዛት፣ የማደሪያ ቦታና የመጨረሻው ጣቢያ ላይ ባቡሩ የሚዞርበት ፍጥነት ይወስናሉ።